አራት ቀን የታሰረ ክንድ

ከአልጋዬ ስር ባለው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አራት የቀርከሃ ስንጣሪዎች አሉ። ርዝመታቸው ከክርን እስከ አንጓ ነው፤ ጠርዛቸው በቢላ ተልጓል። አብሯቸው የተጠቀለለ የአቡጀዲ ብጣሽ አለ። የልጅ ልጄ ደምና መግል ደርቆበት የዛገ ይመስላል። ከሁለት ዓመት በላይ ሳላጥበው አስቀመጥኩት። ቤቴ የሚመጣ ሰው ሁሉ "ይኼን ነገር ጣይው" ይለኛል። አልጣልኩትም። እነዚያን ስንጣሪዎች ባሰራቸው ሰው ክንድ ላይ መልሼ ላስራቸው ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር።

የልጅ ልጄን ጡት ከጣለች ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እናቷ ዓረብ አገር ሄዳ እዚያው ኖረች። ልጅቷ በሃያ ዓመቷ ጅግጅጋ ገበያ ውስጥ የራሷ የስፌት መኪና ያላት ሰፊ ሆናለች። የሶማሌ ሴቶች ለሰርግ የሚለብሱትን ዲራ፣ ያንን ትንፋሽ የሚያንቀሳቅሰውን ስስ ጨርቅ፣ እንደሷ ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ አልነበረም። መቀሱን አንዴ ካስገባች አታነሳውም። ደንበኞቿ ቆመው ያይዋት ነበር።

የአፍ ጭንብል ማድረግ በቀረበት ዓመት፣ አውበሬ ላለች ሙሽራ ልብስ አድርሳ ተመለሰች። ከመናኸሪያ ወደ ቤት የተሳፈረችበት ባጃጅ ቦይ ውስጥ ተገለበጠ። ቀኝ ክንዷ ተሰበረ። ቆዳው አልተቀደደም፣ አጥንቱም አልወጣም። ያነሷት ሰዎች ሆስፒታል እንውሰዳት አሉ። ወጌሻ ጋ ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔው ልንገራችሁ።

ወጌሻው የሩቅ ሰው አይደለም። የሱ አባትና የኔ አባት አንድ ጦር ሰፈር የኖሩ ወታደሮች ነበሩ፤ እኛም እስከ ዛሬ በአንድ እድር ነን። ልጅ ሳለሁ የተሰበረ ትከሻዬን የጠገነው አባቱ ነው፤ በዚያ ትከሻ ስንት ዓመት ውሃ ቀድቼበታለሁ። ስለዚህ አመንኩት። ያ ቤት አንድ ሕግ ነበረው። አባትየው ይለው ነበር፣ ልጁም ክንዷን አስሮ ሲጨርስ እንደ ጸሎት ደገመው።

"እኔ ያሰርኩትን ከኔ በቀር ማንም አይፍታው። ሌላ እጅ ከነካው አጥንቱ ይበላሻል፤ እኔም የለሁበትም።"

"በጣም ጠበቀብኝ" አለችው ልጅቷ።

"የሚያም ከሆነ ይዟል ማለት ነው።"

በማግስቱ ጣቶቿ አበጡ። ወደ ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ ኤረር ለእህቱ ልጅ ሰርግ መሄዱን ነገረችኝ። ስልኩን ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ተመለስኩና ልጅቷ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ጎረቤቴ የግመል ወተት የምትሸጥ ሶማሌ ናት። ሠላሳ ዓመት አጥር ተጋርተናል፤ እኔን "ወላል" ትለኛለች፣ እህቴ ማለቷ ነው። ወተት ልታደርስ ገብታ የልጅቷን ክንድ አየችው።

"ወላል፣ ይኼ እጅ እጅ አይመስልም። ፍቺው።"

"ያሰረው ሲመጣ ይፈታዋል።"

"ያሰረው ሰርግ ቤት ሩዝ እየበላ ነው።"

"ይመጣል አልኩሽ።"

"ግመሌን እንዲህ ባስራት ትነክሰኛለች። ይቺ ልጅ ጨዋ ስለሆነች ነው ያልነከሰችሽ።"

ሳቅኩባት። አዎ፣ ሳቅኩ። በሁለተኛው ቀን ልጅቷ "እማማ፣ ጣቶቼ የሉም" አለችኝ። "አሉ፣ ይኸው አያቸዋለሁ፤ ቻይ" አልኳት። በሦስተኛው ቀን ጣቶቿ ጠቆሩ። አሁንም "ቻይ" አልኳት። መቀሷ ከአልጋዋ አንድ እርምጃ ርቆ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እጄን አልሰደድኩም። ሌላ እጅ ከነካው ይበላሻል ተብያለሁና የኔን እጅ ፈራሁት።

በአራተኛው ቀን ከሰርግ መጣ። ጨርቁን ሲፈታ ቆዳዋ አብሮ ተነሳ። ሽታው ከቤቱ አስወጣን። እሱ እጁን ታጠበና ፊቴን ሳያይ "ሆስፒታል ይውሰዷት" አለ። ስንጣሪዎቹን የግቢው አፈር ላይ ጣላቸው። ለቅሜ በነጠላዬ ቋጠርኳቸው።

ሆስፒታል የሞተውን ሥጋ ቆርጠው አወጡ። በሳምንቱ የሞተውን አጥንት ማውጣት ጀመሩ። ክንድ ሁለት አጥንት እንዳለው ያወቅኩት ያኔ ነው። በአውራ ጣት በኩል ያለው ከመሐሉ ስምንት ሳንቲሜትር ያህል ጎደለ። ጣቶቿ መትረፋቸው ራሱ ዕድል ነው አሉኝ። የሚደግፈው አጥንት ሲያጣ እጇ ወደ አውራ ጣቷ በኩል ተጣመመ፤ ከአንጓው በታች ያለው የሌላ ሰው እጅ መሰለ። ከውጭ ብረት አሰሩላት። መግሉ ሲደርቅ ከዳሌዋ ቁራሽ አጥንት ወስደው ክፍተቱን ሞሉት። ወራት ጠበቅን። ራጅ ሲነሳ ቁራሹ እንደ ስኳር ሟሙቷል። ልጅቷ የስፌት መኪናዋን በአንሶላ ሸፈነችው።

በዚያው ሰሞን ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ የወጌሻውን ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ለሰዎች ያወራል።

"እኔ ያሰርኩት ይዞ ነበር። ያበላሹት ቢላ የያዙት ናቸው።"

እስከዚያ ቀን ድረስ ቢያፍር፣ ወይ መጥቶ በሬን ቢያንኳኳ፣ ምናልባት ልቤ ይመለስ ነበር። ዞር አልኩ።

"ስንጣሪዎችህን አስቀምጬልሃለሁ" አልኩት።

"ለምን እትዬ?"

"ልክህ ናቸው።"

ሰው ለቅሶ ቤት ውስጥ አይስቅም፤ የሳቁ ግን ነበሩ። እሱ አልሳቀም።

ሪፈር ተጽፎልን አዲስ አበባ ሄድን። ያገኘናት ሐኪም ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ወረቀት ላይ እየሣለች የምታስረዳ ሴት ናት። የመጀመሪያው ቁራሽ ለምን እንደሟሟ ጠየቅኳት።

"እማማ፣ አጥንት ሕይወት አለው። ደም ይፈልጋል። ያ ቁራሽ ደም ስሩ የተቆረጠ ነበር፤ ክፍተቱ ትንሽ ቢሆን ይይዝ ነበር፣ ይኼ ግን ሰፊ ነው፣ ቦታውም የቆሰለ ነው። አሁን ከእግሯ ቀጭኑን አጥንት ከነደም ስሩ እናወጣለን። ችግኝ ከነአፈሩ እንደሚነቀለው። ክንዷ ላይ አስገብተን ደም ስሩን ከክንዷ ደም ስር ጋር እንሰፋዋለን። ደም ከደረሰው ይኖራል።"

"በምን ታቆሚያታለሽ?"

"የሰውነቷን ክብደት የሚችለው ወፍራሙ አጥንት ነው፤ እሱን አንነካውም።"

ልጅቷ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለች። "ክሩ ምን ያህል ነው?" አለች።

"ከፀጉርሽ የቀጠነ። በማጉያ እያየን ነው የምንሰፋው።"

"መርፌውስ?"

ሐኪሟ ሣቀች። "ከጣትሽ ላይ ቢወድቅ አታገኚውም።"

"ስፌት ነው በይኛ" አለች ልጅቷ። ከዓመት በላይ እንዲያ ስትናገር አልሰማሁም ነበር።

ጠዋት አስገቧት፤ ስትወጣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ መሐሉ ላይ ግን የክብሪት ቀፎ የምታክል መስኮት ትተዋል። በመስኮቱ የሚታየው ከእግሯ ከአጥንቱ ጋር አብሮ የመጣ ቁራጭ ቆዳ ነው። ቆዳው የሚበላው ከዚያው ከተሰፋው ደም ስር ነው፤ እሱ ደህና ከሆነ ከስር የማይታየው አጥንትም ደህና ነው። አንዲት ነርስ አስተማረችኝ። በጣት ይጫኑታል፣ ይነጣል፤ ሲለቁት ሁለት እስኪቆጠር ይቀላል፤ ከዚያ ቢዘገይም ቢፈጥንም ደግ አይደለም። አራተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆምኩት፤ ይኼን ግን በአንዴ ያዝኩ። ማየት እንጂ መንካት የነርሶቹ ሥራ ነው ቢሉኝም ካጠገቧ አልተነሳሁም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቆዳው ተለወጠብኝ። ጠቆር አለ፣ አበጥ አለ። ነርሷ በነገረችኝ መንገድ ስጫነው ሁለት ሳልቆጥር ወዲያው ደም ሞላ። ተረኛዋ ሌላ ልጅ ነበረች። ጠራኋት። አየችው።

"ያሰሩት ዶክተር ጠዋት ለዙር ሲመጡ ፈተው ያዩታል፣ እማማ።"

ያንን ቃል አውቀዋለሁ። እኔው በገዛ አፌ ብዬዋለሁ።

"አሁን ጥሪያት" አልኳት።

"እማማ፣ ፋሻውን ያለሳቸው…"

ከጋሪዋ ላይ መቀሱን አነሳሁ። "ወይ አንቺ ትጠሪያለሽ፣ ወይ እኔ እፈታዋለሁ። ቁሚና ምረጪ።"

ጠራች። ሐኪሟ መጣች፣ ቆዳውን አንዴ አየችና አልጋውን ራሷ እየገፋች ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ወሰደቻት። ደሙን የሚመልሰው ደም ስር ደም ረግቶበት ተዘግቶ ነበር። ከፍተው እንደገና ሰፉት። ስትወጣ "ጠዋት ድረስ ብንቆይ አጥንቱ ይሞት ነበር" አለችኝ። እኔ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ። ለዚህ አጥንት አንዲት ሌሊት ትበዛበታለች፤ እኔ አራት ቀን ሰጥቼው ነበር።

አጥንቱ ያዘ። ራጅ ላይ የእግሯ ቀጭን አጥንት ክንዷ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ አየሁት፤ ወራት ሲያልፉ ወፈረ። እጇ ቀና አለ። መዳፏን ወደ ላይ ስታዞር ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ክርም ስታስገባ ክርኗን ወደ ውጭ ታወጣለች። ግን ታስገባለች። አንሶላውን ከስፌት መኪናዋ ላይ ያነሳች ዕለት እድሩ ሄጄ ሽማግሌ ጠየቅኩ።

ሽማግሌዎቹ የእድሩ ሊቀመንበርና ሌሎች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ሶማሌኛና አማርኛ እያቀላቀሉ የሚናገሩ የሰፈራችን ሐጂ ናቸው። ወጌሻውም መጣ። በግ ይዞ ይቅርታ እንዲጠይቅ ተነጋግረው ጨርሰው ኖሯል።

"በጉን ለራሱ ያርደው" አልኩ። "እኔ የምፈልገው ክንዱን ነው። እንዳሰራት ልሰረው፣ አራት ቀን።"

ሐጂው ሳቁ። "ወይዘሮ፣ ያልተሰበረ ክንድ ይታሰራል እንዴ?"

"እንዲሰበር አልጠየቅኩም። እንዲያውቀው ነው።"

ወጌሻው ኩራቱ ገፋው። እጅጌውን ሰበሰበና ክንዱን ዘረጋ። "ይሰሩኝ እትዬ። ጤነኛ አጥንት ምን ይሆናል? ሠላሳ ዓመት ሰው ሳስር ኖሬ ጨርቅ ልፈራ?"

ከቦርሳዬ ስንጣሪዎቹን አወጣሁ። ጨርቁ አዲስ ነው፤ መግል የነካውን ሰው ላይ አላስርም። እሱ የልጅቷን ሲያስር እያንዳንዷን ዙር አይቻለሁ፤ እንደዚያው ዞርኩ። ግን እሱ ያላደረገውን አደረግኩ፤ በጨርቁና በቆዳው መሐል ጣቴን አሳለፍኩ፣ ጥፍሩን ተጭኜ ደሙ መመለሱን አየሁ። አጥንቱን አይደለም የፈለግኩት፤ ቀኖቹን ነው።

ጨረስኩና ተነሳሁ። "እኔ ያሰርኩትን ከኔ በቀር ማንም አይፍታው።"

ሊቀመንበሩ "እርስዎ ደግሞ የት ሊሄዱ ነው?" አሉ።

"ኤረር። ፍልውሃው ለጉልበት ደግ ነው ይላሉ። ስልኬን እዘጋለሁ።"

የወጌሻው ፊት ያኔ ነው የተለወጠው። ራሱ ቢፈታው፣ የአባቱን ሕግ በገዛ እጁ በሰው ፊት ይሽራል። ካልፈታው ይጠብቀኛል። ሁለቱም ይስማሙኛል።

ከዚያ ወደ ጎረቤቴ ሄድኩ። ጠዋትና ማታ ሄዳ ጥፍሩን እንድትጫን፣ ደሙ ካልተመለሰ ማንንም ሳትጠይቅ እንድትቆርጠው አስማልኳት።

"ወተትም ልውሰድለት?" አለችኝ።

"እንደፈለግሽ።"

"እወስድለታለሁ። እየጠጣ ጣቱን ይሰጠኛል፣ እንደ ጥጃ።"

ቤት ገብቼ ልብሴን ስሸክፍ ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ደስ ይላታል ብዬ ነበር።

"እማማ፣ እሱ አሰረኝ። ቻይ ያለችኝ ግን ማን ነበረች?"

ነጠላዬን ማጣጠፌን ቀጠልኩ።

"መቀሱ እኮ ጠረጴዛው ላይ ነበር" አለች።

"ነበር።"

"እኩል ይሁን ካልሽ እኩል ይሁን። ክንድሽን አምጪ።"

እየቀለደች እንደሆነ ፊቷን አየሁ። አትቀልድም። የልብስ መለኪያ ሁለት የእንጨት ማስመሪያዎቿን አምጥታለች። ቀኝ ክንዴን ሰጠኋት። በእግር አጥንት በተሠራው ክንዷ ዙሩን እየሳበች አሰረችኝ፤ ያ ክንድ ጉልበት እንዳለው እዚያው አወቅኩ።

"ጠበቀ" አልኳት።

"ቻይ" አለችኝ።

ቋጠሮውን ጨርሳ ጥፍሬን ተጫነች፣ አየችው፣ ለቀቀችኝ።

ኤረር በሁለት መኪና ነው የሚደረሰው። የመጀመሪያው ቀን ማሳከክ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ቀን ሙቀቱ ሲከር እጄ አበጠና ጨርቁ ውስጥ ልቤ የሚመታ መሰለኝ። ያረፍኩባት ዘመዴ አጎረሰችኝ። ፍልውሃው ጋ ሄጄ ሴቶቹ ሲጠመቁ እኔ ጠርዙ ላይ ተቀምጬ እግሬን ብቻ ነከርኩ። አንዷ "እናቴ፣ ክንድሽን ምን ነካው?" አለችኝ። "ዕዳ ነው" አልኳት። ሦስተኛው ቀን ጠዋት ጣቶቼን ላያቸው ብችልም ልሰማቸው አልቻልኩም። "ጣቶቼ የሉም" ያለችኝ ይኼን ነበር። እኔ ደግሞ "አሉ፣ አያቸዋለሁ" ብዬ መልሼላታለሁ።

በዚያን ቀን ከሰዓት ስልኬን ከፈትኩ። ወዲያው ጠራ፤ ጎረቤቴ ነበረች፤ እየሳቀች መናገር አቃታት።

"ወላል፣ ወጌሻሽ ተፈታ።"

"ማን ፈታው?"

የነገረችኝ ይኼ ነው። መጀመሪያ ቀን ክንዱን ከፍ አድርጎ ገበያውን ዞረ። ሁለተኛ ቀን ከቤት አልወጣም። ሦስተኛ ቀን ቀትር ላይ ልጅቷ ሱቅ በር ላይ ቆመ። ጥፍሩ ቀይ ነበር፣ ጎረቤቴ በጠዋት ተጭናዋለች፤ ፊቱ ግን አመድ ነበር።

"ልጄ፣ ፍቺልኝ" አላት።

"ያሰረችው አያቴ ናት።"

"ኤረር ናቸው፤ ስልካቸውም ዝግ ነው።"

"የርስዎም ዝግ ነበር።"

ዙሪያው ያሉት ሰፊዎች መኪናቸውን አቆሙ።

"አመመኝ እኮ" አላት።

"የሚያም ከሆነ ይዟል ማለት ነው።"

ዞሮ ሰፊዎቹን አየ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለሷም ለገበያውም፣ እንዲህ አለ ይባላል፦ "ማንም ይፍታው። ካመመው ሰውየው ራሱ ይፍታው። አባቴም እኔም ተሳስተናል።"

ልጅቷ ያኔ በቀኝ እጇ መቀሱን አነሳች፤ ከክርኑ እስከ አንጓው አንዴ ሳታነሳ ቆረጠችው።

እኔ እዚያ አልነበርኩም። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የጠበቅኩትን ቀን በስልክ ሰማሁት። ይኼ እስከ አሁን ያናድደኛል። ለልጅቷ ደወልኩ።

"እሱ ከተፈታ እኔስ?"

"አንቺ ያልሽው አራት ቀን ነው" አለችኝ። "አንድ ቀን ይቀርሻል።"

የዘመዴ ቢላ ማጀት ነበር። አልነካሁትም።

በአራተኛው ቀን ሱቋ ስደርስ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። የያዘችውን ስፌት ጨርሳ ክሩን ቆረጠች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ጨርቁን አልቀደደችውም፤ ዙር በዙር ፈታችው። ማስመሪያዎቹ ቁጥራቸውን ቆዳዬ ላይ አትመው ነበር። ጥፍሬን ተጭና ሁለት ቆጠረች።

"አመመሽ?" አለችኝ።

"አመመኝ።"

"ብዙ?"

"ብዙ።"

ራሷን ነቀነቀች። ማስመሪያዎቹን ጠርጋ መልሳ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠቻቸው። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። በማግስቱ ቁርስ ስንበላ የመጀመሪያውን ጉርሻ በቀኝ እጇ አጎረሰችኝ፤ አንጓዋ ግማሽ መንገድ ላይ ስለሚቆም እኔ አንገቴን ዘንበል አደረግኩ።

ስንጣሪዎቹን ጎረቤቴ አምጥታልኝ ወደ ሳጥኔ ተመልሰዋል። ወጌሻው አሁንም ሰው ያስራል፤ የሚያስተወው ሰው አላገኘሁም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሰው በሚበዛበት ቀን፣ በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ታስሮ የሚወጣውን ሁሉ "ጣትህን አምጣ፣ ጣትሽን አምጪ" እላለሁ። ተጭኜ ሁለት እቆጥራለሁ። ባለፈው ቅዳሜ የአንዲት ሴት ጥፍር ነጭ ሆኖ ቀረ። መቀስ ይዤ ነበር፤ ግን አልቆረጥኩትም።

"ና ውጣ" ብዬ ጠራሁት። "መጥተህ አላላው።"

ወጣ። በሰው ፊት ተንበርክኮ አላላው። እኔም ደሙ እስኪመለስ ከላዩ ቆሜ ጠበቅኩ።